ትምህርት ቤቱ ከጀርባችን፣ መንገዱ በዙሪያ

ጥያቄ፦ አያት አካባቢ የማኅበር ቤት ነው የምንኖረው። የልጆቼ ትምህርት ቤት ከጀርባችን ያለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ደወሉ እቤት ድረስ ይሰማል። በመሃል ግን አጥር አለ፤ አስፋልት ወጥቼ፣ ዞሬ፣ በማዶው ጥበቃ በኩል ነው የምገባው። ያደግኩበት ጨርቆስ እኮ በየትም ብትገቢ በሌላ ትወጫለሽ። ከተማው በሰፋ ቁጥር እንዲህ እየባሰ ነው የሚሄደው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህታችን፣ ያስቸገረዎት ርቀቱ ሳይሆን አጥሩ ነው።

የድሮ ሰፈር ቀስ በቀስ ነው የበቀለው። በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ሰው ይሰፍራል፣ እግር የለመደው መንገድ ሆኖ ይቀራል፤ ቢጠብም ቢጣመምም ውስጥ ለውስጥ ያደርሳል። መርካቶን ደግሞ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ሲቀይሰው ቀጥ ባሉ መንገዶች ከፋፈለው፤ አንዱ ሲጨናነቅ በሌላው ይኬዳል። (ዛሬ በመኪና ሞክሩት አልልም!)

ወደ ዳር ሲወጣ ግን መሬት የሚሰጠው በጅምላ ነው፤ ለማኅበር፣ ለሪል እስቴት፣ ለኮንዶሚኒየም። ሁሉም የየራሱን ግቢ ቀይሶ ያጥራል፣ ከጎረቤት ጋር ማገናኘት የማንም ሥራ አይሆንም። ስለዚህ መኪናው ሁሉ ተግተልትሎ አንድ አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ታክሲውም ውስጥ አይገባም፣ ዳር ላይ አራግፎ ይመለሳል። በዚያ ላይ በ2008 ሥራ የጀመረው ባቡር አለ፤ በእናንተ በኩል አብዛኛውን መሬት ለመሬት፣ በአጥር መሃል ነው የሚሄደው፤ ፊት ለፊት የምታዩት ሱቅ ለመሄድ መጀመሪያ ማቋረጫ ፍለጋ ነው።

እየባሰ ይሄዳል ወይ ላሉት፣ የግድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ ሰፈሮች ለአሥርት ዓመታት መውጫ በሌላቸው መንገዶች ሲሠሩ ቆይተው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነገሩ ጣራ ነካ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠሩት እርስ በርስ መገናኘት ጀምረዋል። የተሠራውን ማስተካከል ነው ከባዱ። ቤት ፈርሶ ይሠራል፣ መንገድ ግን አንዴ ከተቀየሰ ባለበት ይከርማል።

ለእርስዎ ግን አንድ የእግረኛ በር ይበቃል። ኮሚቴው «ሌባ ይገባብናል» ማለቱ አይቀርም፤ ጠዋት ልጆች ሲገቡና ከሰዓት ሲለቀቁ ብቻ ይከፈት፣ ቁልፉም ጥበቃ ጋር ይቀመጥ ይበሏቸው። ብቻዎን አይሂዱ፣ የማዶዎቹን ወላጆችም ይዘው ይሂዱ፣ አጥሩ የሁለታችሁም ነውና። የመኪና መንገድ ይከፈት የሚል ነገር ግን እንዳያነሱ፤ ያኔ ነው ሁሉም እምቢ የሚለው።