የትኛው የሽንት ቱቦ?

ጥያቄ፦ ለቀዶ ሕክምና ለሚዘጋጁ ሕሙማን የሚሰጥ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «የሽንት ቱቦው መዘጋቱ በራጅ ይታያል» ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል? ደግሞስ ራጅ «ተነሣሁ»፣ አልትራሳውንድ ግን «ታየሁ» የምንለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። «ራጅ» ከጣልያንኛው «ራጂ» (ጨረሮች) የመጣ ነው፤ ግሡን የተዋሰው ግን ከፎቶግራፍ ነው። ፎቶ እንደምንነሣ ራጅም ሲቲ ስካንም እንነሣለን። በአልትራሳውንድ ጊዜ ሐኪሙ መሣሪያውን ሆድ ላይ እያንሸራተተ እዚያው ስለሚያይ «ታየሁ» ይቀናናል። «አልትራሳውንድ ተነሣሁ» የሚልም አለ፤ ተሳስተሃል ብዬ አልሟገተውም።

እኔን ያሳሰበኝ «ቱቦው» ነው። በዚህ ስም የምንጠራቸው ሁለት ዓይነት መተላለፊያዎች አሉ፤ ከሁለቱ ኩላሊቶች ወደ ፊኛ የሚወርዱት፣ እያንዳንዳቸው ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙት፣ እንዲሁም ሽንትን ከፊኛ ወደ ውጭ የሚያወጣው። ሐኪሞች «ዩሬተር» እና «ዩሬትራ» ብለው ይለዩአቸዋል፤ በፊደላችን ሲጻፉ ግን መንትያ ስለሚመስሉ አንባቢን ያምታታሉ። «ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ»፣ «ከፊኛ የሚወጣው ቱቦ» ብለው ይጻፉ። ይረዝማል፤ ይርዘም።

ምርመራቸውም አንድ አይደለም። በላይኛው ጠጠር ከተሰነቀረ ሲቲ ስካን ያለ ኮንትራስት፣ ማለትም በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ ሳይሰጥ፣ ያሳየዋል። የታችኛው በጠባሳ ሲጠብ ግን ተራ ራጅ ምንም አይነግረንም፤ ኮንትራስቱ ከብልት ጫፍ በኩል እየተጨመረ መነሣት አለበት። ፈሳሹ ጥበቱን አልፎ በደንብ ላይሄድ ስለሚችል፣ አንዳንዴ ፊኛው በኮንትራስት ተሞልቶ ሰውየው እየሸና ሌላ ራጅ ይነሣል። ያኔ የጥበቱ ሁለቱም ጫፎች ይታያሉ። ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው ይህንን ነው፦ አጭር ጥበት ተቆርጦ ጤነኞቹ ጫፎች ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ ረጅሙ ብዙ ጊዜ ከጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በተወሰደ ስስ ገጽ ይጠገናል።

«መዘጋት» የሚለውንም ለብቻው አያስቀምጡት። የጠበበ ቱቦ ሽንት በቀጭኑ ያሳልፋል፤ የተዘጋ አያሳልፍም። ስለ ታችኛው ቱቦ ጥበት ከሆነ የሚጽፉት፣ እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ «ከፊኛ የሚወጣው ቱቦ የት ላይ እንደጠበበና ጥበቱ ምን ያህል እንደሚረዝም ለማወቅ፣ ኮንትራስት እየተጨመረልዎ ራጅ ይነሣሉ።»