ስንት መስመር ልጥቀስ?

ውድ ልጆቼ፣

«ቲቸር፣ ስንት ጥቅስ ይበቃል?» ትሉኛላችሁ። ቁጥር ብሰጣችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። ግን ለሦስት ገጽ ድርሰት አራት ጥቅስ፣ ለአምስት ገጽ ስድስት የሚባል ሒሳብ የለም። እኔ ሳርም ጥቅሱን በእጄ ሸፍኜ ቀሪውን አነባለሁ። ሐሳባችሁ ምንም ካልጎደለበት ጥቅሱ ገጽ ለመሙላት የገባ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውሰዱ። ጉዱ ካሳ አንዴ ከጀመረ ቶሎ አያቆምም፤ አነጋገሩም ይጥማል። ተማሪው ግማሽ ገጽ ይገለብጥና ከሥር «ይህ የማኅበረሰቡን ኋላቀርነት ያሳያል» ብሎ እብስ ይላል። የቱ ጋ ነው የሚያሳየው? ፍለጋውን ለእኔ ትቶልኛል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ንግግር የምትከራከሩበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡ፤ ቀሪውን በራሳችሁ አባባል አሳጥሩት። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለስለት እንደሰጡት ለመናገርማ ጭራሽ ጥቅስ አያስፈልግም። በአንድ መስመር ንገሩኝ፣ ይበቃኛል።

ግጥም ሲሆን ይለያል። አጤ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ ሕዝቡ የገጠመውን ታውቁታላችሁ። በቃል የኖረ ነውና አባባሉ ይለያያል፤ አንዱ ይኸው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ይህን «ንጉሡ በጀግንነት ሞቱ» ብላችሁ ብታሳጥሩት ግጥሙ የለም። ሁለቱንም ስንኝ እንዳለ ጻፉ። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጩኸቱ የብዙ ሰው ነው፤ የሚቆጠረው ሟች ግን አንድ ብቻ። በዚያ ጦርነት የወደቁት ሌሎች ወንዶችስ? አልቃሹ አላያቸውም ወይስ ከወንድ አልቆጠራቸውም? ሴቶቹንስ ለምን በ«አናውቅም» አለፋቸው? የንጉሡንስ ስም ለምን አልጠራም? ሁለት መስመር ጠቅሳችሁ ስምንት መስመር ስትጽፉ ደስ ይለኛል። ስምንት ጠቅሳችሁ ሁለት ከጻፋችሁ ግን ማንን ላርም ነው? ደራሲውን?

ሐያሲ መጥቀስም አልከለክልም። ብቻ ከቴሌግራም የወረደ «ትንታኔ» ስታገኙ መጽሐፉን ሳትከፍቱ ተከትላችሁት ትነጉዳላችሁ። መጀመሪያ የራሳችሁን ጻፉ፤ ከዚያ ሐያሲውን አምጡና ተሟገቱት። የማትስማሙበትን ብትጠቅሱማ ድርሰታችሁ ነፍስ ይዘራል።

በነገራችን ላይ ትምህርተ ጥቅስን አትናቁ። እኛ «እሄዳለሁ አለ» ስንል የተናጋሪውን አፍ እንዳለ ነው የምናስገባው። ምልክቱ ከተረሳ በዛብህ ይናገር እናንተ ተናገሩ አይለይም። ፊደልም አታርሙ፤ ደራሲው በ«ሠ» ከጻፈ በ«ሰ» አትቀይሩበት። የዘለላችሁት ካለ በሦስት ነጥብ አሳዩ። ገጹን ከነእትሙ ጻፉ፤ የእናንተ መጽሐፍ ገጽ 200 ከእኔው ላይገጥም ይችላል።

ፈተና ላይ መጽሐፉ በእጃችሁ የለም። እዚያ በግማሽ የምታስታውሱትን ዓረፍተ ነገር ከራሳችሁ ሞልታችሁ በትምህርተ ጥቅስ አትክተቱት። በራሳችሁ ቋንቋ «እንዲህ የሚል ሐሳብ አለ» በሉ። ለዚያ ነጥብ አልቀንስም።