ጥያቄና መልስ፦ የ1954ቱ ጎድዚላ፣ የተናቀበትና የተደነቀበት ምክንያት

ጎድዚላ በሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ የተቀሰቀሰ ግዙፍ አውሬ ከተማ የሚያወድምበት የጃፓን ፊልም ነው። ስለ እሱ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ጎድዚላ አየሁ። አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ይተርካል። ታላቅ የተባለው ይሄ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያዩት በ1956 ለአሜሪካ ገበያ የተቆራረጠውን ነው። ተዋናዩን ሬይመንድ በርን ለብቻው ቀርጸው በየመሃሉ ሰኩት፤ 96 ደቂቃ የነበረው ፊልም ወደ 80 ወረደ። ተቆርጦ የወጣው ደግሞ የፊልሙ አጥንት ነው። ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በሰላማዊ ውቅያኖስ ቢኪኒ ደሴት ላይ ያፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ 23 ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆችን መርዞ ነበር፤ የኢሺሮ ሆንዳ ፊልም በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ሲወጣ ነገሩ ገና ትኩስ ነው። ባቡር ውስጥ አንዲት ሴት ከናጋሳኪው የአቶሚክ ቦምብ መትረፏን የምታነሳበት ንግግር በአሜሪካው ቅጂ የለም። የኒውዮርክ ታይምሱ ሐያሲ ቦስሊ ክራውዘር ያብጠለጠለውም ይህንኑ ቅጂ ነው። ሲፈልጉ ርዝመቱን ይመልከቱ፤ ተዋናዩ ሬይመንድ በር ካለበት ይተውት።

ጥያቄ፦ ጃፓኖቹስ ወደውት ነበር?

መልስ፦ ተመልካቹ አዎ፤ ወደ 9.6 ሚሊዮን ትኬት ተሸጧል። ሐያሲዎቹ ግን ተከፋፈሉ፤ ያልሻረ ቁስል ለገበያ አወጣችሁ ያሉ ነበሩ። ሙሉው ቅጂ በ2004 አሜሪካ ሲታይም አሜሪካዊው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ አንድ ተኩል ብቻ ሰጠው። ንፉግ ፍርድ ነው እንላለን።

ጥያቄ፦ ሰው የለበሰው ልብስ እንዴት 50 ሜትር ይመስላል? እኛ አሻንጉሊት በስልክ ስንቀርጽ አሻንጉሊትነቱ ያስታውቃል።

መልስ፦ ፍጥነቱ ነው የሚያጋልጣችሁ። የፊልሙን ልዩ ትዕይንቶች የሠራው የኤጂ ጹቡራያ ቡድን ከተማውን በ1 ለ25 ልኬት ሠራ፤ ስለዚህ 50 ሜትሩ አውሬ 2 ሜትር ሆነ። ከ50 ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ 3.2 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከ2 ሜትር ግን 0.64፣ ማለትም አንድ አምስተኛ። ስለዚህ በፍጥነት ቀርጾ አዘግይቶ ማሳየት ግድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከራሱ ጋር ተባዝቶ 25 የሚሰጠውን 5ን በተለመደው የፊልም ፍጥነት፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ስታባዙ በሰከንድ 120 ፍሬም ይመጣል። ለ1 ለ100 ሞዴል 240 ያስፈልጋል፤ ብዙ ስልኮች ይህን ይችላሉ። ሌንሱን ቁርጭምጭሚቱ ጋ አውርዱት። በ120 ፍሬም እያንዳንዱ ምስል የሚያገኘው ብርሃን አምስት እጥፍ ስለሚያንስ ፀሐይ ላይ ቅረጹ። (ስቱዲዮው ውስጥ ይህ ብርሃን ሙቀት ነበር፤ 100 ኪሎ ገደማ በሚመዝነው የመጀመሪያው ልብስ ውስጥ አውሬውን የተጫወተው ሃሩኦ ናካጂማ ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቆየት አልቻለም።) ውኃ ግን ተዉ፤ ጠብታ ከሞዴሉ ጋር አያንስም፣ ወዲያው ያሳብቃል።

ጥያቄ፦ ጩኸቱ የየትኛው እንስሳ ነው?

መልስ፦ የማንም። አቀናባሪው አኪራ ኢፉኩቤ የኮንትራባስ (ትልቅ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ክር አላልቶ፣ የዛፍ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት አስፈተገው፤ ድምፁ ተቀድቶ ዘግይቶ እንዲጫወት ተደረገ።

ጥያቄ፦ ኦስካር ያገኘው የትኛው ነው?

መልስ፦ የታካሺ ያማዛኪ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» (2023)፣ በ2024 በምስል ቅንብር ዘርፍ። 610 የቅንብር ትዕይንቶቹን የሠሩት 35 ባለሙያዎች ናቸው። ታሪኩ ራሱን የቻለ ስለሆነ ከ1954ቱ ቀጥለው ቢያዩት ምንም አያመልጥዎትም።