«ኃላፊ ትርፍ ሰዓት አይሞላም»

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን ምሳ ሰዓት ላይ ነው የማነበው፤ የሰው ችግር እያነበብኩ ሽሮዬን እበላለሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ።

የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ ነው። ቡና ገዝቶ፣ አበጥሮ ወደ አዲስ አበባ በሚልክ የግል ድርጅት ውስጥ የመጋዘን መዝገብ ሠራተኛ ነኝ። ስድስት ዓመቴ ነው። ሚዛን ላይ እቆማለሁ፣ ጆንያ እቆጥራለሁ፣ ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ። ደመወዜ 8,500 ብር ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 6,630 ብር እጄ ይገባል። በቡና ወቅት ግን ትርፍ ሰዓት ስለምሞላ ትንሽ እተነፍሳለሁ። አምና ከኅዳር እስከ ጥር በሳምንት 12 ሰዓት ሞልቻለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመጋዘን ኃላፊያችን ለቀቁ። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። በስድስት ዓመት አንድ ቀን ሻይ አዝዞልኝ አያውቅም። «ካንቺ የተሻለ ሰው የለንም፣ ከአሁን በኋላ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ስለ ደመወዙ ስጠይቀው «ለጊዜው በያዝሽው ቀጥዪ። ገበያውን ታውቂዋለሽ። ወቅቱ ይለፍና እናየዋለን» አለ። ትርፍ ሰዓቱስ አልኩት። «ኃላፊ ትርፍ ሰዓት አይሞላም» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እስካሁን አልገባኝም።

እናቴ የዚያኑ ዕለት ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። እልልታው ጉድ ነበር። በማግስቱ የሰፈራችን የባጃጅ ልጅ «ኃላፊዋ፣ ግቢ!» ብሎ እስከ አጂፕ ወሰደኝና ሒሳብ አልቀበልም አለ። በሦስተኛው ቀን ጎማ መግዣ አበድሪኝ አለኝ። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ ልጇን ሥራ እንዳስገባላት ስልክ ደውላለች። በየወሩ 1,500 ብር እቁብ እጥላለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ደመወዜ እንዳልጨመረ ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። አፈርኩ።

ሌላም አለ። መጋዘኑን ስለምረከብ አዲስ ዋስ አምጪ ተብያለሁ። አጋሮ ያለው አጎቴ የቤት ካርታውን ይዞ ሊመጣ ፈቃደኛ ነው። ርክክቡ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈረማል። የቀድሞው ኃላፊ ስለሄዱ ቁልፉ አሁን ያለው ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው።

እምቢ ብል ከውጭ ሰው ያመጣሉ፤ ሥራውን የማለማምደውም እኔው ነኝ፣ የሚያዘኝም እሱ። እሺ ብል የተሞኘሁ ይመስለኛል። ጓደኛዬ «ስሙ ይበቃል፣ ሲቪሽ ላይ ይገባል» ትለኛለች። እውነት ይበቃል? ያለ ጭማሪ እድገት የሚባል ነገርስ ደግ ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከጅማ

*

እህቴ፣

እንኳን ደስ አለሽ። ስድስት ዓመት ሚዛን ላይ ቆመሽ ስምሽ አለመጉደፉ ራሱ እልል ያሰኛል፤ እናትሽ አልተሳሳቱም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። «ያለ ጭማሪ እድገት» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ተቀንሶብሻል።

ደመወዝሽን በወር ለ26 ቀን፣ በቀን ለ8 ሰዓት ብናካፍለው ሰዓትሽ 41 ብር ገደማ ይመጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል። ስለዚህ አንዱ ትርፍ ሰዓት 61 ብር ነው። በሳምንት 12 ሰዓት ስትሞዪ፣ እሱም አዋጁ የፈቀደው ጣሪያ ነው፣ በአራት ሳምንት 2,940 ብር ገደማ ይሆናል። ግብሩ ተቆርጦ 2,100 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ብር እጅሽ ይገባል። የሦስቱን ወር ደምሪው። እጅሽ የሚገባውን የአንድ ወር ደመወዝ ሊያክል ጥቂት ነው የቀረው። ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ የወሰደብሽ ያንን ነው። ሻዩ ውድ ሻይ ነበር።

«ኃላፊ ትርፍ ሰዓት አይሞላም» የሚለው ደግሞ ሁሌ እውነት አይደለም። አዋጁ ከራሱ ውጪ የሚያደርገው «የሥራ መሪ» የሚለውን ሰው ነው። ያ ሰው የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ነው። አንቺ ማንን ትቀጥሪያለሽ? የዘመድሽን ልጅ እንኳ ማስገባት አትችዪም። ቁልፍ መያዝና መዝገብ መፈረም ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። ስለዚህ የሥራ ዝርዝርሽ በጽሑፍ ይሰጥሽ። ወረቀቱ ላይ መቅጠርና ማባረር ከሌለ፣ ትርፍ ሰዓትሽ ባለበት ነው። ካለበት ደግሞ ያ ትልቅ ሥልጣን ነው፤ በ8,500 ብር አይሸጥም።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን ከደብዳቤሽ ያስፈራኝ ገንዘቡ አይደለም ብልሽ ትስቂብኝ ይሆናል። ያስፈራኝ በስተመጨረሻ እንደ ዋዛ የጣልሻት ነገር ናት። ርክክቡ።

የቀድሞው ኃላፊ ሄደዋል። ቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው። በመሀል መጋዘኑ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የምታውቂው ነገር የለም። አንቺ በሚቀጥለው ሳምንት «ይህን ያህል ጆንያ ተረክቤአለሁ» ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ማን ቆጠረው? ማን መዘነው?

እኔ ይሄን የምጠይቅሽ ስለደረሰብኝ ነው። በወጣትነቴ፣ ከጅማ ርቆ ባለ አንድ ከተማ፣ የእህል መጋዘን «ተጠባባቂ ኃላፊ» ተደርጌ ነበር። ተጠባባቂ የሚለው ቃል ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እንደምጠባበቅ አልጠየቅሁም። የቀድሞው ሰው የተወልኝን ዝርዝር አይቼ፣ ሰው ላለማስቀየም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ፈረምኩ። አሥራ አራት ወር ሠራሁ። ደመወዜ አልጨመረም። ከዚያ ዋናው ኃላፊ ተሹሞ መጣ። እሱ እንደኔ አልነበረም፣ አስቆጠረ። ጉድለት ተገኘ። ሌባ ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ፊርማው ግን የኔ ነበር። ከደመወዜ እየተቆረጠ ስከፍል ከረምኩ። እናቴ ስለዚህ ነገር ሳትሰማ ሞተች።

የቡና መጋዘን ደግሞ ከእህሉ ይብሳል። ሳይሰረቅም ይቀንሳል። የጅማን ዝናብ ለአንቺ አልነግርሽም። በእርጥበት የገባ ቡና የበጋው ፀሐይ ሲመጣ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ክብደቱ ይወርዳል። ለምሳሌ 60 ኪሎ የሚይዝ 1,000 ጆንያ ቢኖርሽና ከመቶ አንድ ብቻ ቢቀንስ፣ 600 ኪሎ ነው። ከ35 ፈረሱላ በላይ፣ ፈረሱላው በ17 ኪሎ! ማንም እጁን ሳያስገባ። በመዝገብ ላይ ግን ጎደለ ይባላል፣ ጎደለ ከተባለ ደግሞ ወደ አንቺ ይዞራሉ፣ ከአንቺ ወደ አጋሮ፣ ወደ አጎትሽ ቤት።

እና ከመፈረምሽ በፊት ቆጠራ ይደረግ። ጆንያው ይቆጠር፣ ይመዘን፣ የእርጥበቱ መጠንም ይጻፍ። የቀድሞው ኃላፊ ወይም ወኪላቸው ይኑሩ፤ ካልተገኙ ሥራ አስኪያጁ ራሱ አስረካቢ ሆኖ ይፈርም፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነበራ። በድርቀት የሚቀንሰው ከመቶ ስንት እንደሚታሰብልሽ ወረቀት ላይ ይስፈር። መለዋወጫ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለም ጠይቂ። ይቺን ሰው ሁሉ ይረሳታል።

ስለ ዋሱም አንድ ነገር። አጎትሽ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚዋሱ በቁጥር ይጻፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጣሪያው ያልተገለጸ ዋስትናን ዋጋ የለውም ይላል። ግን በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ ዋጋ የለውም ከማስባል አሁን ቁጥሩን ማስጻፍ ይሻላል። ካርታ ይዘው ከአጋሮ ከመምጣታቸው በፊት ውሉን በስልክም ቢሆን አንብቢላቸው። ደግ ሰው ናቸው መሰለኝ። ደግ ሰው ነው ሳያነብ የሚፈርመው።

አሁን ሥራ አስኪያጁን እናናግረው። መቼ? ዛሬ ነገ። መስከረም ላይ ነን። ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር፣ ከሊሙና ከጎማ ወረዳ መኪና ሲጋፋ፣ መጋዘኑን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው አንቺ ነሽ። «ወቅቱ ይለፍና» ያለሽ ለዚህ ነው፤ ወቅቱ ካለፈ በኋላ የምትጠይቂው አንቺ፣ የሚያስበው እሱ ይሆናል። ክፋት ላይሆን ይችላል። ነጋዴ ነው፣ ያልተጠየቀውን አይከፍልም።

ስትገቢ ኑሮ ተወደደ ብለሽ አትጀምሪ። ኑሮ ለእሱም ተወዷል፣ እሱም ያወራልሻል፣ አብራችሁ አዝናችሁ ትለያያላችሁ። የአምናውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ዝርዝር ይዘሽ ግቢ። እንዲህ በይው፦ «ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ ደግሞም እችለዋለሁ። ግን አምና በሦስት ወር ያገኘሁትን ዘንድሮ ላጣ ነው። ኃላፊነት ጨምሬ ገንዘብ መቀነስ ይከብደኛል። ወይ ትርፍ ሰዓቱ ይቀጥል፣ ወይ በደመወዝ ይካካስ።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝምብሻል። አትሳቂ።

ቁጥር ከጠየቀሽ ያልተጣራውን ተናገሪ። 2,000 ብር ቢጨምርልሽ፣ ደመወዝሽ 10,500 ይሆናል፤ ግብርና ጡረታ ሲነሳ እጅሽ የሚገባው ጭማሪ 1,335 ብር ብቻ ነው። ብዙ ሰው እጁ በሚገባው አስቦ ይጠይቅና የመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ይናደዳል። «ደመወዙን መንካት አልችልም፣ የኃላፊነት አበል ልስጥሽ» ካለሽ ተቀበዪ፣ ግን ለጡረታ የሚታሰበው መነሻ ደመወዝሽ ስለሆነ እንደ ጊዜያዊ ነገር ቁጠሪው። «እናየዋለን» ካለሽ ደግሞ ቀን ጠይቂው። ከየካቲት 1 ጀምሮ ይህን ያህል ብሎ በደብዳቤው ላይ ያስገባው። እናየዋለን የሚባል ወር በኛ ካላንደር የለም፣ ጳጉሜን ጨምሮ።

ጓደኛሽ «ስሙ ይበቃል» ማለቷ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። የመጋዘን ኃላፊ የሚል የሹመት ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት፣ ነገ ሌላ ቦታ በር ይከፍታል። የቃል ሹመት ግን የሚታወቀው በእናትሽ ቡና ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርሽ፤ ብዙዎች ላይስማሙ ይችላሉ። ቆጠራውን ካደረጉ፣ ደብዳቤውን ከሰጡ፣ ትርፍ ሰዓቱንም ካልነኩብሽ፣ ጭማሪው ለስድስት ወር ቢዘገይም ተቀበዪ። ቆጠራውን እምቢ ካሉ ግን ደመወዝሽን እጥፍ ቢያደርጉትም አትፈርሚ። በዚያው መዝገብሽ ላይ ቆዪ። ከውጭ የሚያመጡትን ሰው አለማምደዋለሁ ብለሽ ፈርተሻል። ታለማምጂው። ሰውዬው ብልጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ይሄን ማን ቆጠረው?» ብሎ ነው።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ ከበደኝ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል ተረት አለን። እንደ ቀልድ እንናገረዋለን፣ እኔ ግን አልወደውም። ሰውን ቡና ላይ ሾሞ፣ ደመወዙን እዚያው ትቶ፣ ዋስ አምጣ የሚል አሠሪ ያንን ተረት በጆሮሽ እያንሾካሾከልሽ ነው። ወቅቱ ሲደርስ ከአንድ ጆንያ ላይ ሁለት ኪሎ «ሚዛን ነው» የሚሉሽ ሰዎች ይመጣሉ። ደመወዝሽን አሁን በግልጽ የጠየቅሽ እንደሆነ እነሱን እምቢ ማለት ይቀልሻል።

ማፈርሽንም ተይ። ማታ ከእናትሽ ጋር ስትሆኚ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ፣ ገና እንዳልጨመሩልሽ ንገሪያቸው። ዘመዶችሽን ከአንቺ ይልቅ እሳቸው ያስታግሱልሻል። እቁብሽንም እንዳለ ያዢው፤ ጭማሪ ይመጣል ብለሽ ከፍ አታድርጊ።

የባጃጁን ልጅ ደግሞ ነገ ጠዋት ሒሳቡን ክፈይው። ያለፈውንም ጨምረሽ።