«አይሰማም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው አንድ ጉዳይ ያነሣሉ። አዲስ የአካባቢ የውይይት ሬዲዮ ሥራ ጀምሯል፤ አድማጩ ገሚሱ ተደስቷል፣ ገሚሱ ተናዷል። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ስናነብ «አይሰማም» የምትለው ቃል በየደብዳቤው ሌላ ነገር ሆና አገኘናት። አንዱ የራሱን መቀበያ ሬዲዮ፣ ሌላው ማሰራጫውን፣ ሦስተኛው ስቱዲዮውን፣ አራተኛው የአቅራቢውን አነጋገር ማለቱ ነው። መፍትሔያቸው ለየቅል ስለሆነ መልሶቻችን ሁሉ የሚጀምሩት ችግሩ የት እንዳለ ከመለየት ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ጣቢያ ቤቴ ውስጥ ሽሽ ይላል፤ አንዳንዴም ይሰነጣጠቃል። ሌሎች ጣቢያዎች ግን ጥርት ብለው ይገባሉ። የማሰራጫቸውን ኃይል እንዲጨምሩ ልጻፍላቸው?

መልስ፦ ከመጻፍዎ በፊት ቤትዎ ውስጥ ትንሽ ምርመራ ያድርጉ። ሬዲዮውን መስኮት አጠገብ ያስቀምጡና አንቴናውን 75 ሴንቲሜትር ያህል ይዘርጉት። የኤፍ ኤም ሞገድ በ100 ሜጋኸርዝ አካባቢ 3 ሜትር ይረዝማል፤ 75 ሴንቲሜትር የዚያ ሩብ ነው፣ ዘንግ አንቴናም በደንብ የሚቀበለው በዚህ ርዝመት ነው። በእጅ ስልክዎ ኤፍ ኤም የሚያዳምጡ ከሆነ አንቴናዎ የኢርፎኑ ገመድ ራሱ ነውና ጠቅልለው ኪስዎ ውስጥ አይክተቱት።

ቀጥሎ የድምፁን ጠባይ ያስተውሉ። ያለማቋረጥ እኩል ሽሽ የሚል ከሆነ የሚደርስዎት ሞገድ ደካማ ነው። ዝምታው ጥርት ብሎ «ስ» እና «ሽ» ላይ ብቻ የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ድካም አይደለም፤ ሞገዱ በቀጥታም፣ ከሕንፃ ወይም ከኮረብታ ተንጸባርቆም እየደረሰ እርስ በርሱ ይጋጫል። ለዚህኛው የኃይል ጭማሪ ምንም አይፈይድም፤ የሚንጸባረቀውም አብሮ ይጨምራልና። ሬዲዮውን ግማሽ ሜትር፣ ቢበዛ 75 ሴንቲሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ ቢያደርጉት ብዙ ጊዜ ይለቅዎታል። አንቴናውን ሲያሳጥሩት የሚሻሻል ከሆነ ደግሞ ሌላ በቅርብ ያለ ኃይለኛ ማሰራጫ መቀበያዎን እያጨናነቀው ነው፤ አሳጥረው ያዳምጡ።

ከዚያ ሬዲዮውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው በባትሪ ይሞክሩት። ሽሽታው ከቀነሰ ጥፋተኛው ቤትዎ ውስጥ ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀሮችና አንዳንድ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው። አንድ በአንድ እየነቀሉ ይለዩዋቸው።

በመጨረሻ ሬዲዮዎ የስቴሪዮና (ድምፅን በግራና በቀኝ ለይቶ የሚያሰማ) የሞኖ (ሁሉንም አንድ አድርጎ የሚያሰማ) መምረጫ ካለው ወደ ሞኖ ይለውጡት። ብዙ አድማጭ የማያውቀው ነገር ይህ ነው፤ ደካማ ሞገድ በስቴሪዮ ሲደመጥ ሽሽታው ከሞኖ በ20 ዴሲቤል (የድምፅና የሞገድ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይበልጣል። ለሙዚቃ ሲባል ይታገሡት ይሆናል። ለንግግር ግን ስቴሪዮ የሚጨምረው ነገር የለም። እንዲያውም ጣቢያው ራሱ በውይይት ሰዓት ሞኖ ቢያሰራጭ፣ ማለትም ተቀባዩን «ስቴሪዮ ነኝ» የሚለውን የ19 ኪሎኸርዝ ምልክት ቢያጠፋ፣ አንድ ዋት ሳይጨምር በሥርጭት ክልሉ ጠርዝ ላይ ያሉ አድማጮችን ይታደጋል። ደብዳቤ ከጻፉ ይህንን ይጠይቁልን።

ስለ ኃይል ጭማሪው፦ የማሰራጫን ኃይል እጥፍ ማድረግ የሚያስገኘው 3 ዴሲቤል ነው፤ ልዩነቱን ልብ የሚለው አድማጭ ጥቂት ነው። ብዙ የሚያመጣው የአንቴና ከፍታ ነው። በሜዳማ መሬት ላይ 25 ሜትር ከፍታ ያለው የማሰራጫ አንቴና የሬዲዮ አድማሱ፣ ማለትም ሞገዱ በቀጥታ የሚደርስበት ርቀት፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 100 ሜትር ላይ ቢሰቀል ወደ 41 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በመካከል ኮረብታ ካለ ስሌቱ ይፈርሳል። አዲስ ጣቢያ ብዙውን ጊዜ በአጭር ምሰሶና በአነስተኛ ኃይል ስለሚጀምር ከነባሮቹ እኩል አለመሰማቱ ሊያስደንቅዎ አይገባም። ይህን ሁሉ ሞክረው፣ በሁለት የተለያዩ ሬዲዮዎችና በጎረቤትም ያው ከሆነ፣ ያኔ ይጻፉላቸው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለቴክኒክ ክፍሉ ወርቅ ነው።

ጥያቄ፦ በመኪናዬ ሬዲዮ ላይ የሌሎቹ ጣቢያዎች ስም ይጻፋል፤ የአዲሱ ቁጥር ብቻ ነው። ለምን?

መልስ፦ ስሙን የሚጽፈው አር ዲ ኤስ የሚባል አብሮ የሚላክ መረጃ ነው። ጣቢያው መላኪያውን ገና አላስገባም ወይም አልከፈተውም፤ ወይም ሞገዱ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ደክሟል፣ መረጃው ከድምፁ ቀድሞ ይጠፋልና። ለስሙ ያለው ቦታ 8 ፊደል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ ደውዬ ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ «ሬዲዮዎን ይቀንሱ» ተባልኩ። የራሴን ድምፅ መልሼ እየሰማሁ ግራ ገብቶኝ ሳመነታ መስመሩ ተዘጋ። ለአድማጭ ክብር የሌላቸው ሰዎች ናቸው?

መልስ፦ መናደድዎ ይገባናል። የሆነው ግን ከክብር ይልቅ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ይመስለናል። ብዙ የውይይት ጣቢያዎች ቀጥታ የሚባለውን ሥርጭት ሆን ብለው ጥቂት ሰከንድ ያዘገዩታል፤ የተለመደው 7 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚያዘገዩም አሉ። ደዋይ ስድብ ወይም የሰው ስም የሚያጠፋ ነገር ቢናገር፣ አቅራቢው ወይም ቴክኒሺያኑ የመቁረጫውን ቁልፍ ሲጫን ገና አየር ላይ ያልወጣው ድምፅ ይጣላል። መሣሪያው ከዚያ በኋላ በንግግር መካከል ያሉ እረፍቶችን ጆሮ በማያውቀው መጠን እየለጠጠ የጠፋውን ሰከንድ መልሶ ያጠራቅማል። እስኪያጠራቅም ድረስ ሁለተኛ ስህተት ለመያዝ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ጥሩ አቅራቢ በዚያ መካከል ሌላ ደዋይ አያስገባም፤ ራሱ ያወራል። እርስዎ ዘንድ «ለምን ዝም ብሎ ያወራል?» የሚያሰኘው አንዳንዴ ይህ ነው።

ታዲያ ሬዲዮዎ ክፍት ከሆነ በስልክ የተናገሩትን ከ7 ሰከንድ በኋላ መልሰው ይሰማሉ። የሰው አእምሮ ራሱን ዘግይቶ እየሰማ ማውራት ይቸግረዋል፤ ይንተባተባል፣ ይቆማል። በኢንተርኔት የሚያዳምጡ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ ከ20 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል፤ አቅራቢው «ሃሎ፣ አየር ላይ ነዎት» ሲል እርስዎ ገና የቀደመውን ደዋይ እያዳመጡ ነው። ስለዚህ ስልኩ ከተነሣልዎት ጀምሮ ሬዲዮውን ይዝጉና በስልኩ ብቻ ይከታተሉ። ጣቢያው የስቱዲዮውን ድምፅ ሳይዘገይ በመስመሩ ይልክልዎታል።

ሬዲዮው ተዘግቶም ድምፅዎ ከተመለሰብዎ ጥፋቱ የእነሱ ነው። ወደ ደዋይ የሚላከው ድምፅ የደዋዩን የራሱን ድምፅ ተቀንሶለት መሆን አለበት። አዲስ ስቱዲዮ ውስጥ በሚክሰሩ (ድምፆችን በሚቀላቅለው መሣሪያ) ላይ በብዛት የሚሳሳቱት ይህን ነው፤ በተለይ ሁለት ደዋዮች አንድ ላይ ሲገቡ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ደዋይ ድምፅ የተቀነሰለት የየራሱ ቅልቅል ያስፈልገዋል። «ድምፄ እየተመለሰ ነው» ብለው ወዲያውኑ ለስልክ ተቀባዩ ይንገሩት። ዝም ብለው አይታገሡ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚገባውም እንደ እርስዎ ይሆናል።

በሚቀጥለው ሲደውሉ ስልክ ተቀባዩ ስምዎን፣ ሐሳብዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ መሆንዎን ይጠይቅዎታል። ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመደወልዎ በፊት ጽፈው ይያዙ። ሰላምታውን አሳጥረው በእርሷ ይጀምሩ። ላውድ ስፒከር አይጠቀሙ፤ ስልኩን በጆሮዎ ይያዙ።

ጥያቄ፦ የደዋዮች ድምፅ ለምን ከአቅራቢው ይቀጥናል?

መልስ፦ መደበኛ የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው። የድምፅ ወፍራም መሠረቱም፣ «ስ»ን ከ«ፍ» የሚለየው ቀጭን ጫፉም ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ አቅራቢው የደዋዩን ስምና ቁልፍ ቃል ደግሞ ቢናገር ለአድማጭ ትልቅ እርዳታ ነው። በኢንተርኔት ጥሪ የሚገባ ደዋይ የተሻለ ይሰማል፣ መስመሩ ካልተቆራረጠ።

ጥያቄ፦ እንግዶቹ ሲናገሩ ድምፅ ጨምሬ፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ዘልዬ እቀንሳለሁ። አቅራቢው ደግሞ እንግዳውን ያቋርጣል። አዲስ ስለሆኑ ነው?

መልስ፦ በከፊል አዎ፤ ሁለቱም የሚታረሙ ናቸው። በሚክሰሩ ላይ ያለው የተለመደው መለኪያ የሚያሳየው የድምፁን ጫፍ ነው። ማስታወቂያ ተጨምቆ፣ ማለትም ደካማው ድምፅ ወደ ጠንካራው ተጠግቶ፣ ስለሚሠራ ጫፉ ከንግግር ጋር እኩል ሆኖ ጆሮ ላይ ግን በጣም ይገዝፋል። መድኃኒቱ በጫፍ ሳይሆን ጆሮ በሚሰማው ጉልህነት መለካት ነው። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 አር 128 በሚል መጠሪያ ያወጣው ምክር ለዚህ ነው፤ መነሻው ከዜሮ በታች 23 የጉልህነት አሃድ ነው። ጣቢያው የትኛውንም ቁጥር ቢመርጥ፣ ማስታወቂያውንም ቃለ መጠይቁንም ወደዚያው አንድ ቁጥር አስተካክሎ ማስገባት አለበት። ይህን የሚለካ ነፃ ሶፍትዌር አለ።

የእንግዳው ድምፅ የሚደክመው ግን ከማይክሮፎኑ ስለሚርቅ ነው። ከ10 ሴንቲሜትር ወደ 20 ሲሸሽ 6 ዴሲቤል ያህል ያጣል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ደግሞ ባለበት ስለሚቀር ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ቴክኒሺያኑ ድምፁን ከፍ ቢያደርገው ማስተጋባቱም አብሮ ይነሣል። የሚበጀው ከመጀመሩ በፊት እንግዳውን አስቀምጦ፣ ማይክሮፎኑን ከአፉ ከአንድ ጋት ትንሽ በላይ አርቆ ወደ ጎን ማዞር፣ ወንበሩንም እንዳይንሸራተት ማድረግ ነው። እንግዳ ጀርባውን መደገፍ ይወዳል፤ መደገፊያ የሌለው ወንበር ብዙ ችግር ያቃልላል።

ስለ ማቋረጡ አንድ ነገር ያስተውሉ። የሚቋረጠው ስቱዲዮ ውስጥ ያለ እንግዳ ከሆነ የአቅራቢው ጠባይ ነው፤ ይጻፉለት። በመስመር የገባ እንግዳ ከሆነ ግን በመካከላቸው የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ሊኖር ይችላል። እንግዳው ትንፋሽ ሲወስድ አቅራቢው የጨረሰ ይመስለውና ይጀምራል፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይቆማሉ። አቅራቢው ጥያቄውን በእንግዳው ስም ቢጨርስና ከመልሱ በኋላ በልቡ እስከ 2 ቢቆጥር ይህ ግጭት በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ እኔ የአንድ አዲስ የውይይት ጣቢያ ፕሮግራም አዘጋጅ ነኝ። ገና ከመጀመራችን ብዙ አስተያየት ጎረፈልን። አንዱ «ደዋይ በዛ» ሲል ሌላው «ደዋይ አታስገቡም» ይላል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም ከመስማትዎ በፊት የሩጫ ሰዓት ይያዙ። የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ቅጂ ከፍተው አቅራቢው፣ እንግዳው፣ ደዋዮቹና ማስታወቂያው እያንዳንዳቸው ስንት ደቂቃ እንደወሰዱ ይለኩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው፤ የገቡት ደዋዮች ብዙ ናቸው፣ ግን አቅራቢው በእያንዳንዳቸው ላይ ረጅም ማብራሪያ ስለሚጨምር የራሳቸው ደቂቃ ጥቂት ነው። እንዲህ ከሆነ የሚቀነሰው የአቅራቢው ንግግር ነው።

አስተያየቶቹን በአንድ መዝገብ ያስገቡ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ፕሮግራም፣ የተባለው ነገር በአንድ መስመር፣ ከዚያም ችግሩ ከመቀበያ፣ ከማሰራጫ፣ ከስቱዲዮ ወይስ ከይዘት። አንድ ሰው አሥር ጊዜ ቢጽፍ አንድ ነው፤ የማይተዋወቁ አምስት ሰዎች ስለ አንድ ሰዓት ተመሳሳይ ነገር ከጻፉ ግን የዚያኑ ዕለት ቅጂውን ያዳምጡ። የቴክኒክ ቅሬታ ለነገ አይደር፤ የማይሰማ ጣቢያ ስለ ይዘቱ አስተያየት አያገኝም፣ አድማጩ ዞር ይላልና። ስለ አቅራቢ ወይም ስለ ፕሮግራም ሰዓት የሚመጣውን ግን ቸኩለው አይከተሉ። የሚጽፍልዎ በጣም የወደደና በጣም የጠላ ነው፤ በመካከል ያለው ብዙኃን ገና ጆሮውን እያላመደ ነው። በየሳምንቱ ሰዓት የሚቀያይር ጣቢያ ደግሞ ማንንም አያላምድም። ቢያንስ አንድ ሩብ ዓመት ይጠብቁ ብለን እንመክራለን።

ሳይጠብቁ የሚያርሙት አንድ የይዘት ነገር አለ። አዲስ አድማጭ በየደቂቃው ይገባል፤ ማን እንደሚናገርና ስለምን እንደሆነ ካላወቀ ይወጣል። ርዕሱን፣ የእንግዳውን ስምና ስልክ ቁጥሩን በየ8 ወይም በየ10 ደቂቃው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስታውሱ። «ስለ ምን እንደሚያወሩ አይገባኝም» ከሚለው ቅሬታ ብዙው በዚህ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ቅሬታዬን ደጋግሜ ልኬ መልስ አላገኘሁም። እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ «ፕሮግራማችሁ አይሰማም፣ አስተካክሉ» የሚል ደብዳቤ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ አይታወቅም። የሚከተለውን ዓይነት ግን ቴክኒሺያኑ አንብቦ ቅጂውን በቀጥታ ይከፍታል፦

«ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:20 እስከ 2:35 በነበረው ውይይት የሴቷ እንግዳ ድምፅ ከአቅራቢው በጣም ያንስ ነበር፤ ማስታወቂያው ግን ጎልቶ ነበር። በመኪና ሬዲዮም በቤት ሬዲዮም አንድ ዓይነት ነው። ሌሎች ጣቢያዎች በሁለቱም ይጠራሉ። ረቡዕ ጠዋት ተሻሽሎ ነበር፤ ሐሙስ ተመለሰ።»