"ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ"፦ ስለ ማንገላቻ ክስ ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ። ደብረ ብርሃን ጥብቅና ከጀመርኩ 19 አመቴ ነው፣ ትውልዴ መንዝ፣ መንዝ ተወልዶ የርስት ሙግት ሳይሰማ ያደገ ካለ እጁን ያውጣ። ሰው ለማንገላታት ተብሎ ስለሚከፈት ክስ ጥያቄው ስለበዛብኝ ዛሬ እስከቻልኩ ልመልስ። ብቻ የሰው ስም እንዳትጠሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ዋሉ፣ አባቴን ጎረቤታቸው ድንበር ላይ ባለች 2 ባሕር ዛፍ ከሷቸው ይሄው 3ኛ አመት ሊሞላ ነው። ሰውየው ዛፉን አይፈልገውም፣ የተጣሉት በሌላ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አይ ባሕር ዛፍ፣ ስንቱን አቃቃረች። አንደኛ አባትህ አንድም ቀጠሮ እንዳይቀሩ። ክሱ በሚሰማበት ቀን ከሳሹ ቀርቶ አባትህ ከተገኙ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 73 መዝገቡ ይዘጋል፣ ሰውየው በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ይዞ ካልመጣ ያንኑ ክስ እንደ አዲስ መክፈት አይችልም። አባትህ ከቀሩ ግን በሌሉበት ይታያል፣ ነገረኛ ደግሞ የሚጠብቀው ይቺን ነው።

ሁለተኛ ደረሰኝ ያዙ። ከመሐል ሜዳ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩኝ፣ ዋዜማውን በአውቶብስ ይገባሉ፣ አልጋ ይይዛሉ፣ ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ችሎት በር ላይ ይቀመጣሉ፣ ዳኛው ስብሰባ ናቸው ይባላል፣ ተለዋጭ ቀጠሮ ይዘው ይመለሳሉ። 11 ጊዜ! የትኬቱን ብጣሽ በሙሉ በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠውት ነበርና አንድ ቀን ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈን ብንደምረው ከተከሰሱበት ገንዘብ በለጠ። ረቱ። የፍርዱ መጨረሻ ላይ ግን ያቺ የምታውቋት መስመር አለች፣ "ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ"፣ የረታውም የተረታውም ያወጣውን ራሱ ይቻለው ማለት ነው። የማንገላቻ ክስ ነፍስ የሚዘራው በዚች መስመር ነው። ሕጉ እኮ የ1958 ነው፣ አንቀጽ 462 እና 463 ተሸናፊውን ወጪ ማስከፈል ፈቅዷል፣ ይቻቻሉ የሚባለው ልማድ ሆኖ ነው፣ እኛም ጠበቆች ዝርዝሩን አዘጋጅተን አጥብቀን ስለማንጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሕጉ ተሻሽሎ የዳኝነት ክፍያው በደንብ ቢወደድ ማን ዝም ብሎ ይከሳል?

መልስ፦ በዚህ አልስማማም። ዳኝነት ቢወደድ መጀመሪያ የምትቀረው ወንድሞቿ ያባቷን ድርሻ የከለከሏት ሴት ናት፣ ነገረኛው በሬውንም ሸጦ ይከሳል። በደሃ ደንብ መክሰስ አለ ትሉኛላችሁ፣ አዎ አንቀጽ 467 አለ፣ ግን ደሃነትን ማስመስከሩ ራሱ አንድ ሙግት ነው። እኔ የምለው ሰው ሲገባ ሳይሆን ተረትቶ ሲወጣ ይክፈል ነው። ድሮ እኮ ተሟጋች ችሎት ቆሞ ማር እሰጥ፣ በቅሎ እሰጥ፣ ፈረስ እሰጥ እያለ ይወራረድ ነበር፣ እሰጥ አገባ የምንለው ከዛ የመጣ ነው። በቅሎውን የሚያስይዝ ሰው ትንሽ ያስባላ። ይመለስ እያልኩ አይደለም፣ በቅሎ የሌለው ገና ሳይናገር ይደነግጣል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ቡና ፈሰሰብኝ ብላ ሚሊዮን ዶላር የወሰደችው ሴትዮስ? እኛም እንደዛ እንዳንሆን ነው ፍርሃቴ

መልስ፦ ይሄንን ኬዝ ሁሉም ሰው ያወራዋል፣ አንብቦት የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አልበከርኪ ከተማ የ79 አመት እናት የማክዶናልድስ ቡና ጭናቸው ላይ ፈሶ 3ኛ ደረጃ ቃጠሎ ደረሰባቸው፣ 8 ቀን ሆስፒታል ተኝተው ቆዳ ተተካላቸው። ቡናው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር የሚቀርበው፣ ድርጅቱም ከዛ በፊት 700 ያህል የቃጠሎ አቤቱታ ደርሶታል። የጠየቁት 20,000 ዶላር ነበር፣ እንካችሁ የተባሉት 800። ጁሪው ለጉዳቱ 200,000 ብሎ 20 በመቶው ጥፋት የሳቸው ነው ሲል 160,000 አደረገው፣ መቀጫ 2.7 ሚሊዮን ጨመረ፣ ዳኛው መቀጫውን 480,000 አደረሰው፣ በመጨረሻ ተስማምተው ጨረሱ። ተራ ክስ ይሄ ነው? ተራ ክስ ከፈለግክ እ.ኤ.አ. በ2005 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ሱሪዬን ላውንደሪ ቤት ጣለብኝ ብሎ በሚሊዮኖች የከሰሰው ሰውዬ አለልህ፣ ክሱ መጀመሪያ 67 ሚሊዮን፣ ኋላ 54 ሚሊዮን ዶላር፣ ደሞ ራሱ የአስተዳደር ዳኛ ነበር። 2007 ላይ ተረታ። አሜሪካም በመርህ ደረጃ ሁሉም የጠበቃውን ራሱ ይከፍላል፣ እንግሊዝ ግን ተሸናፊው ነው የሚከፍለው። እና እነሱም በኛው "ይቻቻሉ" ነው የሚነታረኩት።

ጥያቄ፦ አጎቴ ተረትቶ ሲያበቃ አሁን ያንኑ መሬት በልጁ ስም ከሰሰኝ

መልስ፦ የዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 5፣ በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ዳግም አይከሰስበትም። ልጁ መብቱን የሚያመጣው ካባቱ ከሆነ እሱንም ይይዘዋል። የድሮውን ፍርድ ግልባጭ አያይዘህ መልስ ስትሰጥ ወዲያው በአንቀጽ 244 መቃወሚያ አንሳ፣ ቆይቼ አነሳዋለሁ አትበል።

ጥያቄ፦ በግ ሰረቀ ብለው በውሸት ፖሊስ ጋ ከሰውኝ ነበር፣ ነጻ ወጣሁ

መልስ፦ እያወቁ በውሸት ከሆነ የወንጀል ሕጉ 447 አለልህ። "እያወቁ" የሚለውን ማስረዳት ነው ከባዱ።

ጥያቄ፦ አትቀየሙኝና ነገሩን የምታባብሱት እናንተ ጠበቆች አይደላችሁ?

መልስ፦ ምን ያስቀይመኛል፣ አለ እንጂ። እንደማይረታ እያወቀ ፋይል የሚከፍት አለ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ራፖር (ማመልከቻ) ጻፊም እንዲሁ፣ ሰው ተናዶ ሲመጣ ንዴቱን በ3 ገጽ ይገለብጥለታል፣ የክስ ምክንያት ይኑረው አይኑረው ግድ የለው። ዳኛው ግን የክስ ምክንያት የለውም ብሎ አንቀጽ 231ን ይዞ እዛው ቢመልሰው ግማሹ ገና ሳይጀመር ይቀር ነበር። እኔም ወጣት እያለሁ አንዴ እንደዛ ያለ ይዤ ዳኛው ፊት ምላሴ ታስሯል።

ጥያቄ፦ እትዬ ሽማግሌ ይሻላል ይሉኛል፣ ልስማማ?

መልስ፦ ብትስማሚ ደስ ይለኛል፣ ፌደራል ፍርድ ቤቶችም እኮ በአዋጅ 1234/2013 ማስማማትን ውስጣቸው አስገብተውታል። ግን የኛ ሰው "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች" የሚል ነውና እሽ ብሎ ጨብጦሽ በሳምንቱ ይከስሻል። ስለዚህ የተስማማችሁበትን በጽሁፍ አድርጋችሁ፣ ተፈራርማችሁ፣ መዝገቡ ክፍት ከሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 274 ፍርድ ቤቱ እንዲያጸድቀው አድርጉ፣ ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። የቀራችሁን እሁድ እመልሳለሁ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት እኔም ቀጠሮ አለኝ፣ ዳኛው ስብሰባ ካልገቡ።