የሚያነባ ዐይን እንዴት ደረቀ ይባላል? ለመንገደኛዋ እህታችን የተሰጠ መልስ

እህታችን፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በተሳፈሩ ቁጥር ዐይንዎ እንደሚለበልብና እንባው አልቆም እንደሚል ገልጸው፣ ሐኪምዎ «የዐይን ድርቀት ነው» ማለታቸው ግራ እንዳጋባዎትና ለመንገድ ምን መያዝ እንዳለብዎት ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ሕመም ለዓመታት የቆየሁ፣ በሥራዬ ምክንያት ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የምመላለስ ሰው ስለሆንሁ፣ ከሐኪሜ የተማርሁትንና በራሴ ያየሁትን አጣምሬ እመልስልዎታለሁ።

ሐኪምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። ዐይንን የሚያርሰው እንባ ውኃ ብቻ አይደለም፤ በላዩ ስስ የቅባት ሽፋን አለው። ይህ ቅባት የሚመነጨው ከሽፋሽፍት ሥር ከተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ሲሆን፣ ዕጢዎቹ ሲደፈኑ ውኃው ቶሎ ይተናል፤ የዐይኑ ገጽ ሲራቆትም ዐይን ራሱን ለማዳን በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ያፈስሳል። ያ እንባ ግን ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዐይን ላይ አይቆይም። እንባው መፍሰስ ከጀመረ ድርቀቱ ቀድሞ ደርሷል ማለት ስለሆነ፣ ጥንቃቄው ሁሉ ከዚያ በፊት መደረግ አለበት።

መጀመሪያ መቀመጫዎን ይምረጡ። ብዙ ሰው ጋቢና ይወዳል፤ ለእርስዎ ግን የመኪናው ማራገቢያ ቀጥታ ፊትዎን ስለሚመታ መጥፎ ቦታ ነው፤ እዚያው ከተቀመጡም ሾፌሩ ንፋሱን ወደ እግር እንዲያዞሩት ይለምኑ። ከተከፈተ መስኮት በስተኋላ ያለው መቀመጫም እንዲሁ ነው። መስኮት ሁሉ ይዘጋ ማለቴ ግን አይደለም፤ ሰው በታጨቀበት መኪና ውስጥ አየር መዘዋወር አለበት፤ ስለዚህ በመተላለፊያው በኩል መቀመጥ ይሻላል። ከደጀን በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ ስለሚበረታ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፤ የሚገባውም ደረቅና ትኩስ ንፋስ ነው። ግራና ቀኙን የሚሸፍን መነጽር ለዚህ ሰዓት ወደር የለውም፤ ከሌለዎት ነጠላዎን እስከ ቅንድብ ዝቅ አድርገው ዐይንዎን ጨፍነው ይቀመጡ።

ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ መናኸሪያ ሳሉ አንድ ጊዜ፣ ደጀን ላይ ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ሌላ ጊዜ ይጨምሩ። እጅዎን በሳሙና መታጠብ አይርሱ፤ በተለይ ቁርስ በልተው ከሆነ በርበሬ የነካ ጣት ለዐይን መከራ ነው። የታችኛውን የዐይን ቆብ በቀስታ ስበው፣ የብልቃጡ ጫፍ ዐይንዎን ሳይነካ አንድ ጠብታ ብቻ ይጨምሩና ዐይንዎን ሳይጨምቁ ለጥቂት ጊዜ ይክደኑ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚያስፈልግዎት ከሆነ፣ ማቆያ ኬሚካል የሌለውን በነጠላ መጠን የታሸገ ዓይነት ይጠይቁ፤ ኬሚካሉ ሲደጋገም ራሱ ዐይንን ያስቆጣልና። ብዙዎቹ ጠብታዎች ከተከፈቱ ከ4 ሳምንት በኋላ መጣል አለባቸው።

አደራ የምልዎት ግን ከጎረቤት ጠብታ እንዳይዋሱ ነው። መቅላትን ፈጥነው የሚያጠፉ አንዳንድ ጠብታዎች እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆዩበት የዐይን ግፊትን ከፍ አድርገው በግላኮማ (የእይታ ነርቭን በሚጎዳ የዐይን ሕመም) ምክንያት የማይመለስ የእይታ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። በመንገድ እንዳያስመልስዎ ብለው የጉዞ ክኒን የሚወስዱ ከሆነም፣ አብዛኛው እንባን ስለሚቀንስ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ስልክ ላይ ማፍጠጥም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዐይኑን ይከድናል፤ ስልክ ሲያይ ግን ይህ በግማሽ ይወርዳል፣ የሚከድነውም ሙሉ በሙሉ አይደለም። አውሮፕላን ውስጥም የአየሩ እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሚሆን ጥንቃቄው ያው ነው።

ከጉዞው ዋዜማ ጀምሮ ማታ ማታ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክረው፣ ሲቀዘቅዝ እየለወጡ 10 ደቂቃ ያህል በተከደነ ዐይን ላይ ያኑሩ፤ ከዚያም የዐይን ቆቡን ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በቀስታ ይሹት። እኔን ከጠብታው በላይ የረዳኝ ይህ ነው፤ የደደረው ቅባት ይቀልጣልና። ባረፉበት ቤት ቡና ሲፈላ ከከሰሉና ከዕጣኑ ጭስ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ባለቤቶቹ ምክንያቱን ከነገሯቸው አይቀየሙም።

አንድ ነገር ግን በሐኪም ይጣራልዎ። በአገራችን፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ ትራኮማ ወይም የዐይን ማዝ ገና ስላልጠፋ፣ አሸዋ የገባ ያህል የሚቆረቁር ዐይን ሁሉ ድርቀት አይደለም፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዐይንን እየፋቀ ሊሆን ይችላል። ይህን ጠብታ አያድነውም፤ በወረንጦ መንቀልም ፀጉሩ መልሶ ስለሚበቅል ለጊዜው ብቻ ያስታግሳል፤ መፍትሔው ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። ሕመሙ ከበረታ፣ ብርሃን መቋቋም ካቃተዎት ወይም ብዥታው ዐይንዎን ከድነው ሲከፍቱ የማይጠራ ከሆነ ግን ጉዞውን ያቆዩትና በዚያው ቀን ዐይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።